የኃይል፣ የፑሊና የሽክርክሪት ጥያቄዎችን ደረጃ በደረጃ መፍታት

የሜካኒክስ ጥያቄ ሲቀርብ ብዙ ተማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ቀመር ፍለጋ ነው። የሚያስፈልገው ቀመር ግን በመሠረቱ አንድ ነው፤ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ፣ አንዴ ለቀጥታ ጉዞ፣ አንዴ ለሽክርክሪት ተጽፎ። ጥያቄው የሚከብደው ቀመሩ ጋ ሳይደረስ ነው። የትኛው ኃይል የትኛው አካል ላይ እንዳረፈ መለየት፣ አቅጣጫ መምረጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አካላቱ በገመድ ወይም በመንከባለል እንዴት እንደተሳሰሩ በእኩልታ ማስፈር ዋናው ሥራ ነው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ከዚያ አራት የማይታወቅ ነገር በሦስት እኩልታ ለመፍታት ሲታገሉ ሰዓቱ ያልቃል።

በዚህ መመሪያ የምንጠቀምባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ መ መጠነ ቁስ በኪሎግራም፣ አ አክስለሬሽን፣ ስ የስበት አክስለሬሽን (9.8 ሜ/ሰ²)፣ ው የገመድ ውጥረት፣ ኖ ወለሉ አካሉን በቀጤ ነክ የሚገፋበት ኖርማል ኃይል፣ ሚዩ የሰበቃ ኮኤፊሸንት፣ ሬ ሬዲየስ፣ ኢ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ (አካሉ የሽክርክሪት ለውጥን የሚቋቋምበት መጠን)፣ አልፋ የሽክርክሪት አክስለሬሽን፣ ኦሜጋ የሽክርክሪት ፍጥነት፣ ቴታ ማዕዘን። በነዚህ ምልክቶች ሕጉ ለቀጥታ ጉዞ የኃይሎች ድምር = መ × አ፣ ለሽክርክሪት ደግሞ የቶርኮች ድምር = ኢ × አልፋ ነው፤ ቶርክ ማለት ኃይል አካልን የማዞር አቅሙ ነው፣ ገመድ ፑሊን ሲያዞር ው × ሬ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ እያንዳንዱን አካል ለብቻው ሳሉ

የጥያቄውን ሥዕል መገልበጥ በቂ አይደለም። በጥያቄው ውስጥ መጠነ ቁስ የተሰጠው እያንዳንዱ አካል የራሱ ፍሪ ቦዲ ዲያግራም (በእሱ ላይ ያረፉትን ኃይሎች ብቻ በቀስት የሚያሳይ ሥዕል) ያስፈልገዋል፤ መጠነ ቁስ ያለው ፑሊም (ገመድ የሚያልፍበት መዘውር) አካል ነው። አካሉን ነጥብ ወይም ትንሽ ሳጥን አድርጉና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ምን ነክቶታል? ከሚነካው ውጭ ስበት ስንት ነው? ገመድ ከነካው ውጥረት አለ፤ ገመድ ይጎትታል እንጂ አይገፋም። ወለል ከነካው ኖርማል ኃይል አለ፣ ወለሉ ሻካራ ከሆነ ደግሞ ሰበቃ ይጨመራል። የማይነካው ነገር ከስበት በቀር ኃይል አያሳርፍበትም።

እዚህ ላይ ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው "መ × አ" የሚለውን እንደ ኃይል ቀስት አድርጎ መሳል ነው። እሱ የኃይሎች ድምር ውጤት ስለሆነ ከእኩል ምልክቱ ማዶ እንጂ ዲያግራሙ ላይ ቦታ የለውም። ሁለተኛው በክብ ጉዞ "ሴንትሪፔታል ኃይል" የሚል ተጨማሪ ቀስት መሳል ነው። ወደ ማዕከል የሚጎትተው ውጥረቱ፣ ሰበቃው፣ ኖርማሉ ወይም ስበቱ ራሱ ነው፤ ሌላ ኃይል ከየትም አይመጣም። ሦስተኛው በጠረጴዛ ላይ ያለውን ሳጥን የሚጎትተው የተንጠለጠለው አካል ክብደት ነው ብሎ መጻፍ ነው። የተንጠለጠለው አካል ሳጥኑን አይነካውም። ሳጥኑን የነካው ገመዱ ስለሆነ የሚጎትተው ውጥረቱ ነው፣ አካሉ እየወረደ ሲፈጥን ደግሞ ውጥረቱ ከክብደቱ ያንሳል።

ደረጃ 2፦ ዘንጉን አክስለሬሽኑ ባለበት አቅጣጫ አስቀምጡ

ዘንግ እዚህ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አቅጣጫ የምንለይበት መስመር ነው። የምልክት ስህተት አብዛኛው እዚህ ይፈጠራል። በገመድ ለተያያዙ አካላት "ወደ ላይ ፖዘቲቭ" የሚል አንድ ሕግ ለሁሉም አትጫኑ። የገመዱን ጉዞ ተከተሉ፦ የተንጠለጠለው ሲወርድ ሳጥኑ ወደ ቀኝ ከሄደና ፑሊው በሰዓት አቆጣጠር ከዞረ፣ ለመጀመሪያው ወደ ታች፣ ለሁለተኛው ወደ ቀኝ፣ ለፑሊው የሰዓት አቅጣጫ ፖዘቲቭ ይሁን። እንዲህ ሲሆን አንድ "አ" ለሁሉም ይሠራል። አቅጣጫውን ተሳስታችሁ ብትገምቱም ሰበቃ ከሌለ መልሱ በኔጌቲቭ ይመጣል እንጂ መጠኑ አይበላሽም። ሰበቃ ካለ ግን ኔጌቲቭ ከመጣ ምልክቱን ብቻ መቀየር አይቻልም፤ ሰበቃው አቅጣጫውን ስለሚለውጥ እንደገና መጻፍ ግድ ነው።

ዘንበል ባለ ወለል ላይ ዘንጎቹ ከወለሉ ጋር ያዘንባሉ፤ አካሉ የሚጓዘው በወለሉ ላይ ነውና። ከወለሉ በቀጤ ነክ አክስለሬሽን ስለሌለ ኖ = መ × ስ × ኮሳይን ቴታ ይሆናል። ይህን እኩልታ እንደ ዘላለማዊ ሕግ መሸምደድ በኋላ ክብ ጉዞ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ እዚያ ስንደርስ እናየዋለን።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ይንቀሳቀሳል ወይ?

ሰበቃ ባለበት ጥያቄ ሁሉ ይህን ሳትመልሱ አትቀጥሉ። 4 ኪሎግራም ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አለ፤ በገመድ ፑሊ ላይ አልፎ 2 ኪሎግራም አካል ተንጠልጥሎበታል። የቆመ አካል ሰበቃ ኮኤፊሸንት 0.35፣ የሚንቀሳቀስ አካል 0.25 ነው እንበል። ሰበቃው ሳጥኑን ቆሞ እንዲቀር ሊይዘው የሚችልበት ጣሪያ 0.35 × 4 × 9.8 = 13.72 ኒውተን ነው። የተንጠለጠለው ክብደት 19.6 ኒውተን ስለሆነ ይበልጣል፤ ይንቀሳቀሳል።

የተንጠለጠለው 1 ኪሎግራም ቢሆን ኖሮ 9.8 ኒውተን ከ13.72 ስለሚያንስ ሥርዓቱ አይነቃነቅም ነበር። ያኔ ሰበቃው ስንት ነው? 13.72 አይደለም፤ 9.8 ኒውተን ነው። የቆመ አካል ሰበቃ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሰጣል፣ "ሚዩ × ኖ" ጣሪያው ነው። ይህን ልዩነት በደንብ ያልያዘ ተማሪ በኋላ የሚንከባለል ሲሊንደር ላይ ይወድቃል።

ደረጃ 4፦ ለእያንዳንዱ አካል አንድ እኩልታ

ከላይ ባለው ጥያቄ ፑሊው መጠነ ቁስ የለውም፣ የሚዞርበት ዘንግም ሰበቃ የለውም እንበል። ያኔ ብቻ ነው ገመዱ በሁለቱም ወገን እኩል ውጥረት የሚኖረው።

ሳጥኑ፦ ው − 0.25 × 4 × 9.8 = 4 × አ
ተንጠልጣዩ፦ 2 × 9.8 − ው = 2 × አ

ሁለቱን ስትደምሩ ውጥረቱ ይጠፋል፦ 19.6 − 9.8 = 6 × አ። ስለዚህ አ = 1.63 ሜ/ሰ²፣ ው = 16.3 ኒውተን። ውጥረቱ ከ19.6 ማነሱን ልብ በሉ፤ 19.6 ቢሆን ኖሮ ተንጠልጣዩ ባልፈጠነ ነበር።

በፑሊ ሁለት ወገን ሁለት አካል የሚንጠለጠልበት የአትውድ ማሽን በዚሁ መንገድ ይፈታል። እንግሊዛዊው ጆርጅ አትውድ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሠራው የስበትን ጉዞ አዝግሞ ለመለካት ነበር። በ3 እና በ2 ኪሎግራም ስትሠሩት አ = 9.8 ÷ 5 = 1.96 ሜ/ሰ²፣ ው = 23.52 ኒውተን ይመጣል። ፑሊውን የያዘው መንጠቆ የሚሸከመው 2 × ው = 47.04 ኒውተን ነው፣ የሁለቱ ክብደት ድምር 49 ሆኖ ሳለ። መንጠቆው ምን ያህል ይሸከማል የሚል ጥያቄ ሲመጣ ክብደቶቹን ደምሮ መጻፍ የተለመደ ወጥመድ ነው።

ደረጃ 5፦ ፑሊው ራሱ መጠነ ቁስ ሲኖረው

ያንኑ የጠረጴዛ ጥያቄ እንውሰድ፣ አሁን ግን ፑሊው 2 ኪሎግራም የሚመዝን ሬዲየሱ 0.1 ሜትር የሆነ ድፍን ዲስክ ይሁን። ገመዱ አይንሸራተትም። ፑሊውን ለማሽከርከር ቶርክ ስለሚያስፈልግ የሁለቱ ወገን ውጥረት እኩል ሊሆን አይችልም፤ እኩል ከሆነ የሚያዞረው የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ው1 (በሳጥኑ ወገን) እና ው2 (በተንጠልጣዩ ወገን) ብላችሁ ለዩዋቸው።

የማይታወቁትን ቁጠሩ፦ ው1፣ ው2፣ አ፣ አልፋ። አራት ናቸው። አካላቱ ሦስት ስለሆኑ ሦስት እኩልታ ይሰጣሉ። አራተኛው የሚመጣው ከመተሳሰሩ ነው፤ ገመዱ ካልተንሸራተተ አ = ሬ × አልፋ።

ሳጥኑ፦ ው1 − 9.8 = 4 × አ
ተንጠልጣዩ፦ 19.6 − ው2 = 2 × አ
ፑሊው፦ (ው2 − ው1) × ሬ = ኢ × አልፋ

ለድፍን ዲስክ ኢ = ½ × መ × ሬ² ስለሆነ እዚህ 0.01 ኪ.ግ·ሜ² ነው። የፑሊውን እኩልታ በሬ አካፍሉና አልፋን በ አ ÷ ሬ ተኩ፤ ው2 − ው1 = ½ × 2 × አ = 1 × አ ይሆናል። ሬዲየሱ ጠፋ። ሦስቱን ስትደምሩ 9.8 = (4 + 2 + 1) × አ፣ ስለዚህ አ = 1.4 ሜ/ሰ²፣ ው1 = 15.4፣ ው2 = 16.8 ኒውተን። ፑሊው በሥርዓቱ ላይ የግማሽ መጠነ ቁሱን ያህል ጭነት ጨመረ ማለት ነው።

መልሱን በኢነርጂ ፈትሹ። ተንጠልጣዩ 0.5 ሜትር ሲወርድ ስበት 2 × 9.8 × 0.5 = 9.8 ጁል ሰጠ። ሰበቃው 9.8 × 0.5 = 4.9 ጁል ወሰደ። የፍጥነቱ ስኩዌር 2 × 1.4 × 0.5 = 1.4 ነው፤ የሁለቱ አካላት ኪነቲክ ኢነርጂ ½ × 6 × 1.4 = 4.2 ጁል፣ የፑሊው ሽክርክሪት 0.7 ጁል። 4.9 + 4.2 + 0.7 = 9.8። ልክ ገጠመ። ይህ ፍተሻ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፣ የምልክት ስህተትን ደግሞ ወዲያው ያጋልጣል።

ሌላም ፈጣን መለያ አለ። እንዲህ ባለው አንድ "አ" ብቻ ባለው ሥርዓት ታህቱ (አ ሲፈለግ የሚካፈልበት ቁጥር) ሁልጊዜ የመደመር ነው (4 + 2 + 1)። በታህት ውስጥ መጠነ ቁስ ሲቀነስ ካያችሁ ስሌቱን አትቀጥሉ፤ ከአካላቱ የአንዱ አቅጣጫ ከሌሎቹ ጋር ተጋጭቷል፣ አብዛኛውን ጊዜም የፑሊው ነው።

በብዛት የሚያስፈልጉት የኢ ዋጋዎች፦ ድፍን ዲስክ ወይም ሲሊንደር ½መሬ²፣ ስስ ቀለበት መሬ²፣ ድፍን ኳስ ⅖መሬ²፣ ስስ ዘንግ በመሃሉ ሲዞር የርዝመቱ ስኩዌር × መ ÷ 12፣ በጫፉ ሲዞር ÷ 3። ጥያቄው ዲያሜትር ሰጥቶ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ዲያሜትሩን እንደ ሬዲየስ መውሰድ ኢን አራት እጥፍ ያደርገዋል።

ተንቀሳቃሽ ፑሊ፦ ገመዱን ለኩት

አካላቱ እኩል በማይፈጥኑበት ጊዜ መተሳሰሩን በግምት መጻፍ አይቻልም። ገመድ አንድ ጫፉ ጣሪያ ላይ ታስሯል፣ ወርዶ 4 ኪሎግራም የተንጠለጠለበትን ተንቀሳቃሽ ፑሊ ይዞራል፣ ተመልሶ ወጥቶ ቋሚ ፑሊ ላይ ያልፍና በሌላው ጫፉ 4 ኪሎግራም ይሸከማል። ፑሊዎቹ መጠነ ቁስ የላቸውም። ሁለቱ አካላት እኩል ስለሆኑ ሚዛናቸው የተጠበቀ ይመስላል። አይደለም።

ከጣሪያው እስከ ተንቀሳቃሹ ፑሊ ያለውን ርቀት ሀ፣ እስከ ነጻው አካል ያለውን ለ በሉት። የገመዱ ርዝመት ፑሊ ላይ ከተጠቀለለው በቀር 2 × ሀ + ለ ነው፤ ይህ አይለወጥም። ሀ በ1 ሴንቲሜትር ሲያጥር ለ በ2 ሴንቲሜትር መርዘም አለበት። ስለዚህ በፑሊው ላይ ያለው በ"አ" ሲወጣ ነጻው በ"2 × አ" ይወርዳል።

በፑሊው ላይ ያለው፦ 2 × ው − 39.2 = 4 × አ
ነጻው፦ 39.2 − ው = 4 × (2 × አ)

ሁለተኛውን በ2 አባዝታችሁ ከመጀመሪያው ጋር ደምሩ፦ 39.2 = 20 × አ። አ = 1.96፣ የነጻው 3.92 ሜ/ሰ²፣ ው = 23.52 ኒውተን። ፑሊው የት ቦታ ስንት ገመድ እንደሚይዘው መቁጠር ኃይሉን ይሰጣል፣ የገመዱን ርዝመት መጻፍ ደግሞ ጉዞውን ይሰጣል። ሁለቱ "2" የመጡት ከዚያው ገመድ ስለሆነ ሁልጊዜ መመሳሰል አለባቸው፤ በኃይሉ እኩልታ ላይ 2 ኖሮ በጉዞው ላይ ከጠፋ አንዱ ተሳስቷል።

ገመድ የተጠቀለለበት ከበሮ

8 ኪሎግራም፣ ሬዲየሱ 0.25 ሜትር የሆነ ድፍን ከበሮ ላይ ገመድ ተጠቅልሎ 2 ኪሎግራም ተንጠልጥሎበታል። ብዙዎች ቶርኩን መ × ስ × ሬ ብለው ይጽፋሉ፤ ያኔ አ = 19.6 ÷ 4 = 4.9 ይመጣል። ከበሮውን የነካው ገመዱ ነው፤ ቶርኩ ው × ሬ ነው። ትክክለኛው አ = 19.6 ÷ (2 + 4) = 3.27 ሜ/ሰ²፣ ው = 13.1 ኒውተን። የስህተቱ ምንጭ ደረጃ 1 ላይ ከተነሳው ሦስተኛው ስህተት ጋር አንድ ነው።

የሚንከባለል አካል

በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ሳይንሸራተት የሚንከባለል ድፍን ሲሊንደር ስትፈቱ ሰበቃውን "ሚዩ × ኖ" ብላችሁ አትጻፉ። ተዳፋቱን የሚነካው ነጥብ በዚያች ቅጽበት አይንሸራተትም፤ ስለዚህ ያለው የቆመ አካል ሰበቃ ነው፣ መጠኑም ከእኩልታዎቹ የሚገኝ የማይታወቅ ነው።

በተዳፋቱ፦ መ × ስ × ሳይን ቴታ − ሰበቃ = መ × አ
በማዕከሉ ዙሪያ፦ ሰበቃ × ሬ = ½ × መ × ሬ² × አልፋ
መተሳሰሩ፦ አ = ሬ × አልፋ

ከሁለተኛው ሰበቃ = ½ × መ × አ፤ ወደ መጀመሪያው ሲገባ አ = ⅔ × ስ × ሳይን ቴታ = 3.27 ሜ/ሰ²። ለድፍን ኳስ ቁጥሩ 5/7 ሆኖ 3.5፣ ለስስ ቀለበት ½ ሆኖ 2.45 ይመጣል። መጠነ ቁስና ሬዲየስ ሁለቱም ጠፍተዋል፤ ቅርጹ ብቻ ነው የሚወስነው።

አሁን "አይንሸራተትም" ያልነው እውነት መሆኑን ፈትሹ። ለሲሊንደሩ የሚያስፈልገው ሰበቃ ⅓ × መ × ስ × ሳይን ቴታ ስለሆነ ሚዩ ቢያንስ ታንጀንት ቴታ ÷ 3 = 0.19 መሆን አለበት። ወለሉ 0.1 ብቻ ካለው ሲሊንደሩ ይንሸራተታል፤ ያኔ ብቻ ሰበቃ = ሚዩ × ኖ ይሆናል፣ አ = ሬ × አልፋ የሚለው ግን ይወድቃል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የጻፈ መልስ ልክ ሊሆን አይችልም።

ክብ ጉዞ

እዚህ አክስለሬሽኑ ወደ ክቡ ማዕከል ነው፣ መጠኑም ኦሜጋ² × ሬ። ስለዚህ አንዱ ዘንግ ወደ ማዕከሉ መጠቆም አለበት፣ ገመዱ ወይም ወለሉ ምንም ያህል ቢያዘነብል።

0.5 ሜትር ገመድ ጫፍ ላይ ያለ ኳስ በአግድም ክብ ሲዞር ገመዱ ከቁሙ በ37 ዲግሪ ያዘነብላል። ከተዳፋት የመጣ ልማድ ው = መ × ስ × ኮሳይን ቴታ ያስጽፋል። ይህ ስህተት ነው። በገመዱ አቅጣጫ አክስለሬሽን አለ፤ የሌለው በቁም አቅጣጫ ነው። ስለዚህ፦

በቁም፦ ው × ኮሳይን ቴታ = መ × ስ
ወደ ማዕከል፦ ው × ሳይን ቴታ = መ × ኦሜጋ² × ሬ

ሬ የገመዱ ርዝመት ሳይሆን ርዝመቱ × ሳይን ቴታ ነው። ኮሳይን 37 ወደ 0.8 ስለሚጠጋ ኦሜጋ² = 9.8 ÷ (0.5 × 0.8) = 24.5፣ ኦሜጋ = 4.95 ራዲያን በሰከንድ፣ አንድ ዙር 1.27 ሰከንድ። ያዘነበለ የመኪና መንገድ መታጠፊያም ያው ነው፤ በውጥረት ፋንታ ኖርማሉን ተኩና ኖ × ኮሳይን ቴታ = መ × ስ ብላችሁ ጀምሩ።

በሚዞር ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ከማዕከሉ 0.15 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሳንቲም፣ የቆመ አካል ሰበቃ ኮኤፊሸንቱ 0.4 ከሆነ፣ መንሸራተት የሚጀምረው ኦሜጋ² = 0.4 × 9.8 ÷ 0.15 ሲያልፍ ነው፤ 5.11 ራዲያን በሰከንድ፣ ማለትም በደቂቃ 49 ዙር ገደማ።

በቁም ክብ የሚዞር አካል የክቡ አናት ላይ ሲደርስ ውጥረቱም ስበቱም ወደ ማዕከሉ ያመለክታሉ፦ ው + መ × ስ = መ × ፍጥነት² ÷ ሬ። ገመዱ ሊላላ ሲል ው = 0 ነው፤ ለ0.8 ሜትር ገመድ ትንሹ ፍጥነት 2.8 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። በገመዱ ፋንታ ጠንካራ ዘንግ ከሆነ ግን ዘንግ መግፋትም ስለሚችል አናቱ ላይ ትንሹ ፍጥነት ዜሮ ነው። ጥያቄው "ገመድ" ነው ወይስ "ዘንግ" የሚለው ያን ያህል ለውጥ ያመጣል።

ቁጥሮቹን ከማስገባት በፊት

እስከ መጨረሻው በፊደል ፍቱ፣ ቁጥር በኋላ አስገቡ። በፊደል ያለ መልስ ይጠየቃል፦ ሚዩን ዜሮ ሳደርገው ምን ይሆናል? የፑሊው መጠነ ቁስ እጅግ ሲገዝፍ አ ወደ ዜሮ ይሄዳል ወይ? ሁለቱ አካላት እኩል ሲሆኑ የአትውዱ ማሽን ይቆማል ወይ? በቁጥር የተለወጠ መልስ ይህን ሊነግራችሁ አይችልም።

ዩኒት ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አረጋግጡ። የዙር ፍጥነት በደቂቃ ከተሰጠ በ2 × ፓይ ÷ 60 አባዙት፤ በደቂቃ 300 ዙር 31.4 ራዲያን በሰከንድ ነው። ካልኩሌተራችሁ ዲግሪ ላይ መሆኑንም ሳይን 30 በመጻፍ ፈትሹ፤ 0.5 ካመጣ ደህና ነው፣ −0.988 ካመጣ ራዲያን ላይ ነው ያለው።